ሰዓቱን የሚሞላው ማን ነው?

የአባቴ የእጅ ሰዓት ማታ ማታ ካልተሞላች በነጋታው ቀጥ ትላለች። ይህን እትም ስናሰናዳ ደጋግማ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። ፈላስፋው ላይብኒትስ በ1715 እ.ኤ.አ. ለዌልስ ልዕልት ካሮላይን በጻፈው ደብዳቤ የኒውተንን ወገን የወረፈው በሰዓት ነበርና፤ ፈጣሪያችሁ እየሞላና እየጠገነ ካልሆነ ሥራው የማይሄድለት ባለሙያ ሆነ ማለቱ ነው። ኒውተን ፕላኔቶች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ምሕዋራቸው ቀስ በቀስ ስለሚዛባ አንድ ቀን የፈጣሪ እጅ ያሻዋል ባይ ነበር። ለእሱ የቆመው ቄሱ ሳሙኤል ክላርክ የዋዛ አልነበረም፤ ያለ ንጉሡ የሚሄድ መንግሥት ንጉሥ አለው ወይ ሲል መለሰ። አምስት አምስት ደብዳቤ ከተለዋወጡ በኋላ ላይብኒትስ በ1716 ሞተና ክርክሩ እዚያው ቀረ።

በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው የእስልምና ሊቅ ጋዛሊማ ከሁለቱም ይብሳል፦ ጥጡን የሚያቃጥለው እሳቱ ሳይሆን አላህ ነው፤ እኛ የምናየው አንዱ ከሌላው ጋር ሲከሰት ብቻ ነው። በዚህ እትም ስለ እሱ የቀረበውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቤ ሦስቴም ሻይዬ ቀዘቀዘ።

እኔ፣ አልደብቅም፣ ለክላርክ አደላለሁ። የሳይንስ ዓምዳችን ጸሐፊ ግን የሥነ ፈለክ ሊቁን ላፕላስን ይዞ ሞግቶኛል፤ ላፕላስ የጁፒተርንና የሳተርንን መዛባት በስበት ሕግ ብቻ አስልቶ አስረድቷል። መዛባቱ በዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ራሱን መልሶ ያስተካክላል። ሙግታችንን ሳናለዝብ አትመነዋል።