አቴናውያን እጣ ሲያወጡ

ዴሞክራሲ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ምርጫ ነው። ሰልፍ፣ ካርድ፣ ኮሮጆ። "ዴሞክራሲ በጥንታዊት ግሪክ ተጀመረ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለፈተና ሸምድደናል፤ ፈተናውንም አልፈናል። ያልተነገረን ነገር ቢኖር የዴሞክራሲ እናት የምትባለው አቴንስ አብዛኞቹን ሹሞቿን የምታገኘው በምርጫ ሳይሆን በእጣ እንደነበር ነው። አዎ፣ ልክ እንደ እቁብ!

እስቲ ነገሩን ከስሩ እንየው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ዓመት ገደማ ክሌስቴንስ የተባለው መሪ የአቴንስን ዜጎች በ10 ነገድ አደራጃቸው። የባህር ዳርቻው፣ የከተማውና የገጠሩ ሰው በአንድ ነገድ እንዲቀላቀል አደረገ። ከየነገዱ 50 ሰው ተውጣጥቶ 500 አባላት ያሉት ምክር ቤት ተቋቋመ። አባላቱ በእጣ የሚወጡ፣ ከ30 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚያገለግሉ ነበሩ። በዕድሜ ልክ ከሁለት ጊዜ በላይ መግባት አይቻልም። የዕለቱ ሰብሳቢም በእጣ ይወጣል፤ የከተማዋን ማኅተምና የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ለአንድ ቀንና ሌሊት ይይዛል፤ በማግስቱ ያስረክባል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን ፕኒክስ በተባለው ኮረብታ ላይ ተሰብስቦ እጁን የሚያወጣው ሕዝብ ነው። ድሃው ሥራውን ትቶ መምጣት እንዲችል ኋላ ላይ ለተሰብሳቢው አበል ይከፈል ጀመር።

ለምን እጣ? አርስቶትል እንደጻፈው፣ ሹመትን በእጣ መስጠት የዴሞክራሲ፣ በምርጫ መስጠት ደግሞ የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ ተደርጎ ይታይ ነበር። ስናስበው እውነት አለው። ለመመረጥ ስም፣ ገንዘብና አንደበት ያስፈልጋል። እጣ ግን ፊት አይቶ አያዳላም። ጦርነትን ለዕድል መተው ስለማይቻል 10ሩን የጦር አዛዦች ግን በየዓመቱ ይመርጡ ነበር።

ከሁሉ የማረከን ግን ሌላ ነው። ሹም ሥራ ሳይጀምር ይመረመራል፤ ሲለቅ ደግሞ የያዘውን ገንዘብና የሠራውን ሥራ ያወራርዳል። ከዓመት ዓመት ሲመረጥ የኖረው ታላቁ ፔሪክልስ እንኳ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ከሹመቱ ተነስቶ ገንዘብ ተቀጥቷል።

መላእክት ነበሩ እያልን አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 በባህር ላይ ድል ያደረጉ ስድስት አዛዦችን "የሰጠሙትን ወታደሮች አላዳናችሁም" ብለው በቁጣ ገድለው ኋላ ተጸጽተዋል። ባሪያው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሚኖረውና ሴቷ ደግሞ ጭራሽ ከጨዋታው ውጪ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ሴቶች እዚያ ብንወለድ ኖሮ ስማችን እጣው ውስጥ አይገባም ነበር። ስለዚህ አቴንስን የምናደንቀው አንድ ዓይናችንን ጨፍነን አይደለም።

እኛ ፓርላማ በእጣ ይሙላ አንልም። የምንለው ሌላ ነው፦ አንድን አገዛዝ ዴሞክራሲ ነው ከማለታችን በፊት ኮሮጆውን ብቻ አንቁጠር። ሹሙ ነገ ተራ ሰው እንደሚሆን ያውቃል ወይ? ሲወጣስ ሒሳብ ያወራርዳል ወይ? እጣው ውስጥ ያልገባውስ የማን ስም ነው? እነዚህን መጠየቅ ስናቆም፣ ካርዱ በእጃችን ቢሆንም ቁልፉ በሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ይቀራል።