አቦሉን ጠጣን፤ ቶናውስ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ፣ መብራት በሌለበት ገጠር ሌሊት ቀና ብንል ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል። የእኛን ኮከብ ግን አናገኘውም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ከኢትዮጵያ የተመረጡትን ስሞች አጽድቆ ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለ። ደስ ብሎናል! ቡና ግን በባዶ ዓይን አይታይም፤ የአቦል መኖርም የታወቀው ኮከቡን ስለሚያወዛውዘው እንጂ በመታየቱ አይደለም።

ለምን? ባትሪ ዓይናችን ላይ ያበራብን ሰው መልኩ ይታየናል እንዴ? የኮከብ ብርሃንም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሮናልድ ብሬስዌል መላ አመጣ፦ በሁለት ቴሌስኮፖች የመጣውን የኮከብ ብርሃን የአንዱን ሞገድ ጫፍ ከሌላው ስርጉድ ጋር አጋጥሞ ማጣፋት። ፕላኔቱ ከጎን ስላለ ብርሃኑ ይተርፋል። መሬትን የመሰለች ፕላኔት በሚታይ ብርሃን ከኮከቧ 10 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች፤ በኢንፍራሬድ ግን ልዩነቱ ወደ 10 ሚሊዮን ይወርዳል።

የሞገድ መጠፋፋትን እኮ ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ለምን እንደሚውል የነገረን ግን አልነበረም። ስም ማውጣት አቦሉ ነው። ቶናው የቡሬ ተማሪ ያቺ ቀመር ፕላኔት እንደምትፈልግ ሲያውቅ ነው። መምህራኖቻችን፣ ሞገድ ስታስተምሩ እባካችሁ አቦልን አንሱት።