ዲሹን አታውርዱት

በቡሄ ዋዜማ ጎረቤቴ እማሆይ በልጅ ልጃቸው አስጠሩኝ። ግፊታቸውን ልለካላቸው መስሎኝ መሣሪያዬን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ግን ገና ከበር ስገባ «እኔስ ደኅና ነኝ፤ የታመመው ቴሌቪዥኑ ነው» አሉኝ።

እማሆይ ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሰው ደግፏቸው ለትልልቅ በዓላት ብቻ ነው። በሌላው ቀን ቅዳሴውንም ስብከቱንም በቴሌቪዥን ነው የሚከታተሉት። አረብ አገር ያለችው ልጃቸው ይህን ስለምታውቅ፣ ከኢንተርኔት እየሳበ የሚያሳይ ቲቪ ቦክስ በሰው ላከችላቸው። የገጠመላቸው ወጣት ደግሞ «ከእንግዲህ ዲሽ ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ሳህኑን ከጣሪያ አወረደው። ጓሮ ተቀምጦ ዶሮዎች የዝናብ ውኃ ይጠጡበታል። ለአሥር ቀን ያህል ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ። ከዚያ በስልክ የተገዛው የኢንተርኔት ጥቅል አለቀ፤ ተሞላ፤ እንደገና አለቀ። እኔ ስደርስ ውጭ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች።

ለልጅ ልጃቸው ያልኩትን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ሰሞኑን ቦክስ የማይጠይቀኝ ሰው የለምና። ቦክሱ ውስጥ ምንም ፊልም የለም። ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የምታዩትን ሁሉ በዚያችው ቅጽበት ከኢንተርኔት ያመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ቦክስ ይሻላል?» ሳይሆን «ቤታችን ምን ዓይነት ኢንተርኔት አለው?» ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ እንደሚገልጸው፣ በከፍተኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 3 ጊጋባይት ይበላል። 4ኬ በሚባለው ጥራት ደግሞ እስከ 7 ይደርሳል። በቀን ሦስት ሰዓት በከፍተኛ ጥራት የሚያይ ቤት በወር እስከ 270 ጊጋባይት ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ይህን በሞባይል ጥቅል እየገዙ መኖር የደመወዝተኛ አቅም አይደለም። የቤት መስመር፣ ማለትም በፍጥነቱ ልክ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፈልበት ብሮድባንድ፣ በሠፈራችሁ ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል። ለከፍተኛ ጥራት በሴኮንድ 5 ሜጋቢት ያህል ይበቃል፤ ለ4ኬ ግን 15 ይፈለጋል። መስመሩ ካልደረሰ ቦክሱን ለዩቲዩብ ብቻ፣ ጥራቱን ወደ 480 ዝቅ አድርጋችሁ፣ አልፎ አልፎ ተጠቀሙበት። የእማሆይ ቦክስ የቻለውን ያህል ጥራት እየሳበ ነበር። የሰባኪውን ፊት ለማየት ይህ ሁሉ ጥራት ምን ያደርጋል?

ዲሹን የማያስወርደው ሌላው ምክንያት ሁላችንም የኖርንበት ነው። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋርጦ አብዛኛውን 2016 ያለ እሱ አሳልፈናል። ያኔ ዜናውም፣ ቅዳሴውም፣ ድራማውም የሚገባው በዲሽ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ጣሪያ ላይ ወጥተን ሳህኑን ወደ 57 ዲግሪ ያዞርነው በከንቱ አልነበረም። ለአገር ውስጥ ጣቢያ በጊጋባይት አይከፈልም። መብራት ካለ ይሠራል። ቦክስ የዲሽ ተተኪ ሳይሆን ረዳቱ ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ቦክስ ስትመርጡ ርካሹን አንሥቶ መሄድ ከሁሉ የከፋው ነው። ይህን የምለው ስለ ጥንካሬው ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ባድቦክስ ስለሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም ሕዝቡን አስጠንቅቆ ነበር። ፕሮግራሙ በአንዳንድ ርካሽ የአንድሮይድ ቦክሶች ውስጥ ገዢው እጅ ሳይደርሱ አስቀድሞ የተጫነ ነው። ጎግልም በዚያው ዓመት ጉዳዩን ፍርድ ቤት ሲወስድ፣ በዓለም ላይ ከ10 ሚሊዮን በላይ ዕቃዎች እንደተበከሉ ገልጿል። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ሕፃኑ በሽታውን ከማሕፀን ይዞት ተወልዷል። እንዲህ ያለ ቦክስ እናንተ ሳታውቁ የቤታችሁን መስመር ለማታለያ ሥራ ያውለዋል። በጊጋባይት የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ የእሱንም ድርሻ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። በዚያው ዋይፋይ ላይ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልካችሁም እንዳለ አትርሱ።

ምልክቶቹን ያዙልኝ። ስሙ ተሰምቶ የማይታወቅ፣ «የሚከፈልበትን ሁሉ በነፃ ያሳያል» ተብሎ የሚሸጥ፣ ሲገጠም ደግሞ ጎግል ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን ጥበቃ እንድታጠፉ የሚጠይቅ ከሆነ ባለበት ተዉት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሜሞሪ ቁጥርም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ጎግል ያረጋገጠው አንድሮይድ ቲቪ ወይም ጎግል ቲቪ መሆኑን ሻጩ ከፍቶ ያሳያችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ሊያሳይ የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ውጭ ያሉ ልጆቻችንም ይጠይቁን። እንደ ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ የሚሰካው ዓይነት ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ይፈልጋል። ባለ ወፍራም ጀርባ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ባለ ሦስት ቀለም ገመድ የሚቀበል ቦክስ ያስፈልገዋል። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ። «120» ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ወዲያው ይቃጠላል። ክረምት ላይ ጉና በኩል ሲያጉረመርም ደግሞ የቦክሱንም የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ ዲቫይደሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም።

ልጆች ላሉበት ቤት አንድ ነገር ልጨምር፤ ቴሌቪዥኑን ስመለከተው የነርስነቴ ዓይን አይተኛምና። ዲሽ ላይ የልጆች ፕሮግራም ያልቃል፤ ዩቲዩብ ግን ራሱ ቀጣዩን ይከፍታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ስክሪን ፊት ባይቀመጡ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት ባያልፉ ይመክራል። እኔ አያት ሆኜ ስናገር ሰዓቱን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለልጆቹ የተለየ ፕሮፋይል በሚስጥር ቁጥር ክፈቱላቸው፤ በራሱ መቀጠሉንም አጥፉት።

የእማሆይን ዲሽ ዝናቡ ጋብ ሲል በነሐሴ 15 ከሰዓት መለስነው። ሳህኑን ያወረደው ወጣት ራሱ መጥቶ ሰቀለው፤ ብር ጠይቆ እማሆይ ዳቦ ሰጡት፤ ተሳሳቁ። ቦክሱም አልተነቀለም፤ ልጃቸው በደወለች ቁጥር «ይሠራል?» ብላ ስለምትጠይቅ እሑድ እሑድ ጥቂት ይከፈታል። ሪሞቱ ላይ ከዲሹ ወደ ቦክሱ የሚያዘዋውረውን ቁልፍ በቁስል ፕላስተር ሸፈንኩላቸው። በማግስቱ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ጠዋት ሳልፍ የቅዳሴው ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማ ነበር፤ እማሆይም በመስኮት «ፕላስተሩን አልነካሁትም» አሉኝ።