ተራራው በአንድ ጧት አይለመድም





የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እሑድ ጧት በብስክሌት ዳገት መውጣት የሚያምራቸው ባልደረቦቼ በርክተዋል። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን እኔ «ለፈተና በአንድ ሌሊት አይዘጋጁም» እያልሁ ተማሪዎቼን የምገሥጽ መምህር፣ ወራት ሙሉ ተቀምጬ ደብተር ሳርም ከርሜ፣ አንድ እሑድ ቁርስ ሳልቀምስ ዳገቱን ጀመርሁ። ከጓደኞቼ ላለማነስ ስሽቀዳደም ዓይኔ ጨለመ፤ ባቴም ተሸማቀቀ። በማግሥቱ ተማሪዎቼ ያለ መምህር ዋሉ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስትሆን፣ የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሽቅብ በተወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ ልብና ሳንባም ይበልጥ ይደክማሉ።

ስለዚህ አሁን በሳምንቱ መካከል ሁለት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በሜዳ እነዳለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት ደረጃ በእግሬ እወጣለሁ። ቅዳሜ በጊዜ እተኛለሁ። ጧት ውሃ ጠጥቼ፣ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ቀምሼ፣ ዐሥር ደቂቃ በዝግታ በመንዳት ሰውነቴን አሞቃለሁ። ዳገቱን በቀላል ማርሽ፣ እያወራሁ ለመሄድ በሚያስችለኝ ፍጥነት እወጣለሁ። ለቁልቁለቱም ፍሬኔን እፈትሻለሁ፤ የራስ ቁሬንም አጠልቃለሁ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ተራራው የሥራ ደረጃን አይቶ አያደላም። እንጦጦም የትም አይሄድም፤ እኛ በዝግታ እንድረስበት።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ