14ኛው ቀን የሁሉም ሴት ቀን አይደለም

ልጅ ዘገየ ሲባል ጣት የሚቀሰረው ሚስት ላይ ነው። ቆጠራው ትክክል መሆኑን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

«በ14ኛው ቀን ሞክሩ» የሚለው ምክር የሚሠራው የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት ነው። እንቁላል የሚወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ነው፤ ዑደቷ 35 ቀን ከሆነ 21ኛው ቀን አካባቢ ይውላል። የስልክ መተግበሪያም ያለፉትን ወራት አይቶ ይገምታል እንጂ እንቁላሉን አያይም።

የወጣ እንቁላል ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዕድሉ ያለው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 5 ቀናትና በወጣበት ዕለት ነው። እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ የማህፀን ፈሳሽ ቀኑ መቃረቡን ይጠቁማል። የሰውነት ሙቀት የሚጨምረው ግን እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ለዚያ ወር ረፍዷል።

የቤተሰብ ምጣኔ ምክር እርግዝናን መከላከያውን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ማስተማር አለበት።

ቆጠራ ሁሉን አይፈታም። ዓመት ሞክረው ያልተሳካላቸው፣ ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሁለቱም! ባል ሳይመረመር ሚስትን «መካን» ብሎ መፍታት ግፍ ነው።