«የት አገር ናችሁ?»

«ውጭ አገር ይመስላል!» ከሚለው አድናቆት የበለጠ የሚያበሽቀኝ ሙገሳ የለም። አንድ ቦታ ሲያምር፣ ሲጸዳ፣ ወይም ሰዉና ቋንቋው ያልለመድነው ሲሆንብን ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ይኸው ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተነሣነው ፎቶግራፍ ውጭ አገር «ይመስላል»። አሶሳ የተነሣነው ግን መምሰሉ ቀርቶ ውጭ አገር «ይሆናል»። ለጆሮ ትንሽ ልዩነት ነው። በመጀመሪያው አገራችንን እናሞግሳለን፤ በሁለተኛው ደግሞ ሳናውቀው ድንበር እናካልላለን።

ነገሩን ያነሣሁት በፋሲካ ሰሞን ከባለቤቴ ጋር አሶሳ ሰንብተን ስለመጣን ነው። ከአዲስ አበባ በየብስ ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በኩል የነበረው አለመረጋጋት ብዙ መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ገፍቷልና እኛም በአየር ሄድን። ከሰነበትንባቸው ቀናት አንዱን ሙሉውን ለሽርሽር ሰጠነው፦ ጠዋት ገበያ፣ ቀትር ላይ ምሳ፣ ከዚያ ሸመታ። የባልና ሚስት ሽርሽር ባሕርዩ የታወቀ ነው፤ አንዱ ማየት ይፈልጋል፣ ሌላው መግዛት። በእኛ ቤት የማየቱ ወገን እኔ ነኝ። ተሸካሚውም እኔው።

የአሶሳ ጥላ የማንጎ ጥላ ነው። በደረስንበት ወቅት ፍሬው በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ነበር። ዋጋውን ለመናገር የአዲስ አበባ ሰው ያፍራል። ገበያው ውስጥ ደማቅ ቶብ የተከናነቡ ሴቶች ዝንጅብል፣ ዕጣን፣ ደርቆ የተፈጨ ባሚያ ይሸጣሉ። አንዷ ሻጭ ለአንዱ በዐረብኛ፣ ለሌላው በአማርኛ፣ ለጎረቤቷ በበርትኛ ዋጋ ስትናገር ሰማን። አማርኛው ደግሞ ዜማው የወሎ ነው። ወሎ እዚህ ምን አመጣው ቢሉ፣ ደርግ በሰፈራ ያመጣቸው ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች እዚሁ አገር ሆነዋል። ሰፈራዎቹ አምባ ተብለው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ብዙዎቹም ዛሬ ድረስ የሚጠሩት በቁጥራቸው ነው። (ለሰው መኖሪያ ስም የነፈገ መንግሥት ምን ያህል ቸኩሎ እንደነበር አስቡት።)

ባለቤቴ ገበያ መሐል የተነሣችውን ፎቶ ለጓደኛዋ ላከች። ደቂቃ ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ።

«የት አገር ናችሁ?»

«አሶሳ።»

«እሱ የት አገር ነው?»

ሚስቴ ሳቀች። ባሚያ የምትሸጥልን ሴት ግን የስልኩን ድምፅ ሰምታ ኖሮ አልሳቀችም። እጇን ወደ ኩርሙክ አቅጣጫ ዘርግታ፣ «ውጭማ ያ ወዲያ ነው፣ እህቴ» አለቻት። «ከዚያ የመጡ ዘመዶቼ ቤቴ አሉ። ውጭ ደግ አይደለም።» ይህን ብላ የባለቤቴን ባሚያ ከመጠኑ አንድ እፍኝ ጨምራ ቋጠረችላት።

ኩርሙክ ከአሶሳ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የበርታ ሕዝብ ከዚያ ወዲህም ከዚያ ወዲያም ይኖራል። በመካከሉ ያለው መስመር የተሠመረው በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ውል ነው። በመስመሩ ላይ የሚሻገረው ታዲያ ሸቀጥ ብቻ አልሆነም። ሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በ1997 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ ባምባሲ በ2012 እ.ኤ.አ. ተከተለ፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ሌላ የስደት ማዕበል በኩርሙክ በኩል ገባ። እኛ «ውጭ» ስንል ቪዛና ሻንጣ ይታየናል። ለዚያች ሴት ውጭ ማለት ዘመድ እየሮጠ የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ለምሽቷ የምትቀቅለው አንድ ድስት ገንፎ ስንት አፍ እንደሚጠብቀው ታውቃለች።

ስለ ገንፎ ካነሣን፣ ምሳችን እርሱው ነበር፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ። ባሚያ የሚያዳልጥ ነገር ነው፤ ከሳህኑ አንሥቶ አፍ እስኪደርስ ድረስ መንገድ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። ባለቤቴ ከሦስት ጉርሻ በኋላ ተካነችበት። እኔ ሸሚዜን አስመሰከርሁ። የቀርከሃ ቡቃያም እንደሚበላ አስተናጋጁ ነገረን፤ ግን የክረምት ምግብ ነውና ያን ጊዜ ተመለሱ አለን። ቡና በዝንጅብል መጣልን። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አላየንም፣ ምንም አልገዛንም። ከቀኑ ሁሉ የምወድደው ያንን ሰዓት ነው።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ወርቅ አስታወሰች። ጥሬ ወርቅ እንደ ማንጎ በኪሎ ተጠይቆ የሚገዛ አይደለምና ሸመታው ወደ ወሬ ተለወጠ። የዚህ ምድር ወርቅ ግን ወሬው ራሱ ከባድ ነው። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዐሊ በ1838 እ.ኤ.አ. ሰባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከካይሮ ተነሥቶ ወርቁን ፍለጋ እስከ ፋዞግሊ ተጉዟል። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኰንን ጦር አካባቢውን ያዘ፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰንም ተይዘው አዲስ አበባ መጡ። ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1930 ዓ.ም.፣ ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ እየገበሩ ገዙ። ሚስታቸው ሲት አምና ደግሞ ሌላ ንግድ ነበራት፤ ሰው ትሸጥ ነበር። ከድንበሩ ወዲህ የተያዙ ባሮችን ወደ ሱዳን ስታሻግር ኖራ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዞች የሱዳን አስተዳደር አሰራት። እኛም ባልና ሚስት ነን፤ በዚያው ምድር ዕጣን እየተከራከርን ስንገዛ እነዚያ ባልና ሚስት ከሐሳቤ አልወጡም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሼህ ሆጀሌ ያሠሩት ቤት በነበረበት ሰፈር ሸጎሌ የሚባለው በእርሳቸው ስም ነው። ሼህ ሆጀሌ፣ ሼሆጀሌ፣ ሸጎሌ። የታክሲ ረዳት በየማለዳው «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የአሶሳን ገዥ ስም ይጠራል፤ ተሳፋሪው ገብቶ ይቀመጣል፤ ከመካከሉ አንዱ አሶሳ የት አገር ነው ይላል። የከተማችን ጉሮሮ ይዞት የሚዞረውን ስም ጆሯችን አያውቀውም።

ለዚህ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛ የመጽሐፍ ሰዎችም ነን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን»ን በ1924 ዓ.ም. አሳተሙ። ትልቅ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የጉዞ ጽሑፋችን ግን ዐይኑ በብዛት ከባሕር ማዶ ነው። ልብ ወለድ አንባቢው የፓሪስን ጎዳና በስም ይቆጥራል፤ ከአባይ ወዲያ ማዶ ያለውን የራሱን አገር ግን የቆዩ መጽሐፎቻችን ሕዝቡን ሁሉ በአንዲት የስድብ ስም ጠቅልለው ሲያልፉት ነው የሚያውቀው። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦ፣ ኮሞ ብሎ ለይቶ የሚጽፍ ብዕር እስኪመጣ ብዙ ጊዜ ፈጀ። አሁን ደግሞ ክልሉን በሕዳሴው ግድብ በኩል እናውቀዋለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ማን ያላለቀሰ አለ? ግን ጉባ የሚኖረው ሰው ምን ይበላል፣ በምን ይዘፍናል፣ ልጁን ምን ብሎ ያስተኛል? ኮንክሪት በሜትር ኩብ እንለካለን፤ ለሰዉ አንድ አንቀጽ እንሰስታለን።

የእኔም ይኸው ጽሑፍ የእንግዳ ጽሑፍ ነው፤ የአንድ ቀን ዐይን የሚያየው ገበያና ሳህን ነው። ደጋግሜ የምመኘው ተቃራኒውን ነው፦ አንድ የአሶሳ ባልና ሚስት አዲስ አበባን ለአንድ ቀን ጎብኝተው የጻፉትን ማንበብ። መርካቶ ገብተው ማንጎ ዋጋውን ሲጠይቁ። ሸጎሌ ወርደው የሼሁን ቤት ሲፈልጉ። እንጀራችን ለእነርሱ ጣት እንዴት ይሆን?

ለነገሩ እኛም ሸመታችንን ጨረስን። ባለቤቴ የቀርከሃ ወንበር ወድዳ ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ማን ያስገባታል ተባብለን በትንሽ በርጩማ ተስማማን። ስምምነቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ባለበርጩማው ሰውዬ እስክንስማማ ድረስ እርሱ ራሱ ላይ ተቀምጦ ጠበቀን፤ ከዚያ ተነሥቶ አቧራውን በእጁ ጠረገና ሰጠን።