በጓሮ ስላሉ ታናናሽ ፍጥረቶች

ልጆች ሆይ፥ ብዙ ሰው ድንቅ ነገር ለማየት ወደ ሩቅ አገር መሄድ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ማለዳ ተነሥቶ በቤቱ ጓሮ በጸጥታ የሚቀመጥ ልጅ፥ እግሩ ሳይደክምና ገንዘብ ሳያወጣ ብዙ ድንቅ ያያል። ስለዚህ የምመክራችሁ ነገር ይህ ነው፤ የማታውቁትን ፍጥረት ከመምታታችሁ በፊት ተመልከቱት።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ አጠገብ ትገኛለች። የአምባሰልም ተራራ ከወዲያ ከፍ ብሎ ይታያል። በዚህ አገር በብዙ ቤት ጓሮ ጌሾና ቡና፥ ዱባና ጤና አዳም ይበቅላል። ተክሉን የሚተክለው ሰው ነው፤ ነገር ግን ተክሉን የሚያገለግለው ሰው ብቻ አይደለም።

ዱባውን ተመልከቱ። በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው አበባ በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል፤ በውስጡም ቢጫ ዱቄት አለው። ሴቴዋ አበባ ግን ከሥርዋ ታናሽ ዱባ ይዛለች። ዱቄቱ ወደ ሴቴዋ ካልደረሰ ያች ታናሽ ዱባ ጠውልጋ ትወድቃለች። እግር የሌላቸውን አበቦች ማን ያገናኛቸዋል? ንብ ናት። ለራስዋ ምግብ ስትለቅም ዱቄቱ በጠጕርዋ ላይ ይጣበቃል፤ ወደ ሌላው አበባ ስትገባም ይራገፋል። እንግዲህ ንብን በጨርቅ እየመታ የሚገድል ልጅ የእናቱን ድስት ያጐድላል።

በጌሾው ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ እስስት ቀስ ብላ ስትሄድ ትገኛለች። መልክዋ ስለሚለወጥ ብዙ ልጆች ይፈሩአታል፤ መርዝ አላት ብለውም በድንጋይ ይወግሩአታል። እስስት ግን መርዝ የላትም። ሁለቱን ዐይኖችዋን ለየብቻ ታዞራለች፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ያያል። ዝንብ ባየች ጊዜም ረጅም ምላስዋን ወርውራ ትይዛለች። ይህን በዐይኑ ያየ ልጅ ድንጋዩን ከእጁ ይጥላል። ሳያውቅ መፍረድን የለመደ ልጅ ግን ልማዱ በእስስት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ካደገ በኋላ በጎረቤቱም ላይ በወሬ ብቻ ይፈርዳል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «ወፎች ማሽላችንን ይበሉ የለምን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው። እህል ሲደርስ በማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ማባረር የገበሬ ልጅ ሥራ ነው፤ ነቀፋም የለበትም። ነገር ግን እህልን መጠበቅ ሌላ ነው፤ በዛፍ ላይ ያለውን ጎጆ በከንቱ ማፍረስ ሌላ ነው። ጎጆውን ከሣር የሚሠራውን ቢጫ ወፍ እዩ። ወንዱ ሣሩን እየሰነጠቀ ያለ እጅና ያለ መርፌ በአፉ ይሸምናል። ሴቲቱም መጥታ ትመረምረዋለች፤ ካልወደደችው ትታው ትሄዳለች፤ እርሱም እንደ ገና ይሠራል። ሥራውን አንድ ጊዜ ተሳስቶ የሚተው ተማሪ ከዚህ ወፍ ትዕግሥትን ይማር።

መመልከት የልጅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኦስትሪያ የተወለደ ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባል ሊቅ ነበረ። በንቦች ላይ በቀለም ጥቃቅን ነጥብ እያደረገ አንዲቱን ከሌላይቱ ለየ፤ ብዙ ዓመትም ተመለከታቸው። አበባ ያገኘች ንብ ወደ ቀፎዋ ተመልሳ እየተወዛወዘች በመጨፈር፥ አበባው በየት በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ለእኅቶችዋ እንደምታመለክት አስረዳ። ስለዚህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአምባሰል ንብ የሚያነቡ አባቶችም የዚህን ሊቅ ስም ባይሰሙ እንኳ፥ ያለ ማስተዋል ማር እንደማይቈረጥ ያውቃሉ።

አገራችሁ የትምህርት አገር ናት። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። የመጽሐፍ ትምህርት ከመምህር ይገኛል፤ የጓሮ ትምህርት ግን ዐይኑን ለሚከፍትና እጁን ለሚሰበስብ ሁሉ ክፍት ነው።

እንግዲህ ነገ ማለዳ፥ ፀሐይ ሳትበረታ፥ በጓሮአችሁ ተቀመጡ። አንድ ታናሽ ፍጥረት ምረጡ፤ የት እንደሚኖር፥ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚሠራ በደብተራችሁ ጻፉ። ወደ ንብ ቀፎ ያለ አዋቂ አትቅረቡ፤ እባብና ጊንጥ ብታዩም ራቁና ለታላቅ ሰው ንገሩ። ሌላውን ግን በሰላም ተዉት። እግዚአብሔር ለታናሹ ፍጥረት ሥራ ሰጥቶታል፤ እኛም ሥራውን ሳናውቅ ሕይወቱን ልናጠፋ አይገባንም።